ጉልበት

ከዓሣ ገበያው ጀርባ
ተመልካች የማይገባ
አንድ ሜዳ አለ፣ ሣሩ በቧንቧ የሚኖር፤
እኔ ማሊያ የማጥብበት፣ ኳስ የምነፋበት፣ ኮን የምደረድር።
ኡም አል ቁዋይን ነው አገሩ፤
ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ጨው ያዘለው አየሩ
እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ሲለጠፍ
ልምምድ ይጀመራል፤ በቀንማ ሰው ይረግፍ።

ባሪ ኦልድሮይድ መጣ በመስከረም መባቻ፣
አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፊሽካ ብቻ።
ቀይ አንገት፣ ሰፊ ደረት፣ ቀኝ እግሩን የሚጎትት፣
ደረጃ በወጣ ቁጥር የሚንቋቋ ጉልበት።
በመጀመሪያው ማታ ስሜን ጠየቀኝ።
"ዘነበ" አልኩት። "ትርጉሙስ?" አለኝ።
(በሰባት ዓመት ውስጥ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
መታወቂያዬ እንኳ "ዘይነብ" ብሎ ሴት አድርጎኛል።)
"ዝናብ ጣለ ማለት ነው።"
ሳቀ፣ አጥሩን ይዞ፣ ሳል እስኪያንቀው፦
"ሃያ ዓመት ቀጠቀጠኝ ጭቃው ከነዶፉ፤
በረሃ ድረስ ሸሸሁት፣ ይኸው ጠበቀኝ ከደጃፉ!"

ከዚያ ወዲህ ማሊያ ስናጥፍ ይተርክልኛል፤
እንግሊዝኛው የሰሜን ነው፣ ግማሹ ይጠፋኛል፣
ግማሹን ከእጁ አነባለሁ።
አራተኛ ዲቪዚዮን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ።
አሥራ ዘጠኝ ጎል፤ አሥራ ስድስቱ በቴስታ።
ሊጉ ሲዘጋ፣ ሌሊት ተነሥቶ ዳቦ አከፋፋይ፤
ሚስቱ "በቃህ" ስትለው "አንድ ዓመት ብቻ" ባይ፤
አንዱ ዓመት አሥራ ሰባት ወለደ።
ጋዜጣ ስሙን ሁለቴ ጻፈ፣
ሁለቴም ፊደል ገደፈ።
አንዴ በጥሎ ማለፍ ትልቅ ቡድን መጣባቸው፤
ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ማዕዘን ምት፣ ባዶ ለባዶ ናቸው፣
ዘለለ።
"ሁለት ደቂቃ፣ ዘነበ! ሁለት ደቂቃ
ንጉሥ ነበርኩ፣ ከነጭቃ!"
በዘጠናኛው አቻ ሆኑ።
በመልሱ፣ ስድስት ለባዶ።
ስድስቱን ሲነግረኝ አያዝንም፤ ግንባሩን ብቻ ያሻል፣
ኳሷ እዚያ ያለች ይመስል።

ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ላስረዳው ፈልጌ አቃተኝ፦
በእኛ አፍ አንድ ቃል ነው፣
የሚታጠፈውም ጉልበት፣ የሚሸጠውም ጉልበት ነው።
የሱን ሐኪም ቀዶ በብሎን አሠረበት፤
የኔን ወኪል ወስዶ ማኅተም መታበት።

"ኳሷን አትዩ" ይላል፣ "የሌለችበትን እዩ፤
ጎል የሚመጣው ከዚያ ነው።"
አስተርጓሚው ያን ሁሉ በሦስት ቃል ይዘጋዋል።
ራሺድ፣ የግራው ተመላላሽ፣ ስልኩን ይነካካል።
የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ውሃ አቀባዩ፤
እስካሁንም ገበያ መሐል ስቆም፣ አውቶቡስ ውስጥ፣
ባዶ ቦታ ነው ቀድሞ የሚታየኝ።

በሰባተኛው ሽንፈት ማግስት
በስልክ አባረሩት፤ ሁለት መስመር፣ የአበባ ሥዕል ተለጥፎበት።
ማታውን ግን መጣ። ተጫዋች የለም። ኮኖቹን ደረደረ፤
በአገሬ ሁሉን ላጣ ሰው "ሜዳ ላይ ቀረ"
ይባላል። ልነግረው ብዬ ተውኩት፤
ሜዳው ላይ ደስ ብሎት አየሁት።
ተረት ቢሆን ይዘንብ ነበር።
አልዘነበም።

"አሻማልኝ" አለኝ። በነጠላ ጫማ አሻማሁ።
አንዷ ከኋላው አለፈች፤ አንዷ ትከሻውን መታች፤
ሦስተኛዋ ወደ ፓርኪንጉ ሄደች።
በአራት ሰዓት መብራቱ በራሱ ጠፋ።
"አንድ ጊዜ ብቻ!" አለ ከጨለማው፣
ያ የሚስቱ "አንድ ዓመት"።
መታሁ።
ጉልበቱ ተንቋቋ፤ ቀጥሎ ግንባሩ፤
ከዚያ ምንም።

ጠዋት፣ እሱ አውሮፕላን ላይ ሳለ፣
ኳሷን ከጎሉ ጀርባ አገኘኋት፣ ጤዛ ለብሳ።
ገብታ ነበር?
እንጃ። የኛ መረብ ቀዳዳ ነው፤
እንድሰፋው ነግሮኝ ነበር።